ትከሻ ላይ የማይወጣ ማረሻ

ሰሞኑን አንድ የሲሪንቃ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለልን። በረዶ መጥረጊያ ማሽን ሊገዛ ነው። እኛ በረዶ የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ስለሆነ የምንመክረው አልነበረንም። እሱም የፈለገው ሰሚ ነው። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ እጀታው ማሞቂያ ሲያወራለት ቆየ። ልጁ የጠየቀው ሌላ ነበር፦ ምን ያህል ይከብዳል? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ግቢዬ ጠጠር ነው፣ ይችለዋል ወይ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ባለ አንድ ደረጃ የሚባለው ቀለል ያለው ማሽን ምላጩ መሬት እየነካ ስለሚሄድ ጠጠሩንም ከበረዶው ጋር አንስቶ ይወረውረዋል። ባለ ሁለት ደረጃው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይስተካከላል፤ በዚያው ልክ ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

«አባቴም ለእርሻ ዕቃ እንደዚሁ ነበር የሚጨነቀው» አለና ሳቀ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነገሩ አልለቀን አለ። እኛ ከተማ ያደግነው ልጆች ስለ በሬና ማረሻ የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ ገበሬው ሺህ ዘመን ያላሻሻለው ኋላ ቀር መሣሪያ እንደሆነ። ለመሆኑ የተሻለ ነገር ቀርቦለት ነበር? ቀርቦለት ነበር፤ ያውም ደጋግሞ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ በ1939፣ አፈር ገልባጭ ማረሻ አስገባ። ነገሩ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። የእኛው ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከልም ያልታረሰ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ገበሬው አግድም ደግሞ ማረስ አለበት፤ ለጤፍማ ሦስት አራቴ፣ ከዚያም በላይ ይመላለሳል። ተዳፋት መሬት ላይ ይህ ምልልስ አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጣል። ገልባጩ አረሙንም ቀብሮ በአንድ ዙር ይጨርሳል። ታዲያ ገበሬው ለምን አልወሰደውም?

መልሱን ለማግኘት ማረሻውን ትከሻ ላይ ማውጣት ነው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ብረቱ ከነቀንበሩ ቢመዘን ከ17 እስከ 26 ኪሎ ቢሆን ነው። የገበሬው ማሳ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ ሌላው ከተራራው ወገብ ላይ ነው። ጠዋት በሬዎቹን እየነዳ፣ ማረሻውን ተሸክሞ ይወጣል። ከገበያ የሚገዛው ብረቱን ነው ማለት ይቻላል። ሞፈርና ድግር ከዛፍ ይቆረጣል፣ ብረቱ ሲዶለዱም አንጥረኛው ይስለዋል። ድንጋይ ሲያጋጥመው እርፉን ጫን ብሎ ያልፈዋል። ገልባጩ የብረት ክምር ነው፤ ይከብዳል፣ ለእኛዎቹ ቀጫጭን በሬዎች ይጠነክራል፣ ሲሰበር መለዋወጫው ከተማ ነው።

የሐብሩና የወልዲያ ዙሪያ ገበሬ ሌላም ጥያቄ አለው፦ «ሽልሻሎ ይሠራልኛል?» ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በመሀሉ በማረሻ ይገባበታል። በአንድ ጉዞ አረሙ ይነቀላል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ ትልሙም የምትገኘዋን ዝናብ ይይዛል። አፈር ገልባጭ ይዘህ ብትገባ ቡቃያውን ቀብረኸው ትወጣለህ። አንዱ ማረሻ ያርሳል፣ ዘር ያለብሳል፣ ይሸለሽላል፣ የውሃ መውረጃም ያወጣል። ፈረንጁ ለአንዱ ሥራ የተሻለ ዕቃ አመጣ፤ ለቀሩት ሥራዎች ያው አሮጌው ካልቀረ፣ ሁለተኛው ዕቃ ምን ሊሠራ ይገዛል?

በ1967 በስዊድን ድጋፍ አርሲ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ካዱ፣ የተሻሻሉ ማረሻዎችን ሠርቶ ሞከረ። ያመጣው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲስፋፋ ማረሻዎቹ ያን ያህል አልሄዱም። ያንኑ ገበሬ፣ ያንኑ ድርጅት! አዲስ ነገር ስለሚፈራ ነው እንዳንል ማዳበሪያውን ተቀብሏል።

ከሁሉ የሚገርመን ግን በ1980ዎቹ የሆነው ነው። ከ1984 እስከ 85 በነበረው ረሀብ ወሎ ሰውም በሬም አለቀበት። በዚያው ዘመን ገደማ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ በሬ የሚታረስበትን መሣሪያ ይሞክር ነበር። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ብዙ ደሃ ገበሬ ያለው አንድ በሬ ነውና። ግን አልተስፋፋም። ገበሬው ለችግሩ ድሮውኑ መፍትሔ ነበረው፤ መቀናጆ ይባላል። የእኔን በሬ ከአንተ በሬ ጋር አጣምረን ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ እናርሳለን። አጥኚዎቹ የበሬውን ጉልበት በሚገባ ለኩት፤ ጎረቤት የሚለካበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም።

በዘርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ የምታገኙት የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የደከመው ማሽላ ላይ ነው። የዚህ አገር ማሽላ ጠላቱ አቀንጭራ ነው። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በ2000 አካባቢ ወጡ፤ በዚህ መስክ የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ዝርያዎቹ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ግን አጫጭር ናቸው። ገበሬው ከማሽላ የሚጠብቀው ፍሬ ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤት መሥሪያም ነው። ስለዚህ የበልጉ ዝናብ በጊዜ ከመጣ ረጃጅሞቹን ጅጉርቲና ደጋሊት ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየበት ወደ አጭሩ ይዞራል። ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል፤ የትኛውን መቼ እንደሚዘራ የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

የገበሬው ማረሻ ፍጹም ነው እያልን አይደለም። ያ ሁሉ ምልልስ በሬውንም ሰውዬውንም አፈሩንም ይጎዳል። የተሻለ ቢመጣለት ደስ ይለናል። ከመጣው መካከል ተስፋ የሰጡንም ያንኑ ማረሻ ሳይጥሉ የተሠሩት ናቸው፤ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ለጥቁር አፈር ሰፊ መደብ የሚያወጣው የኢልካ መሣሪያና እንደ ቆቦ ላለ ዝናብ አጠር አገር ተብሎ ማረሻው ላይ የሚገጠመው ውሃ አስቋሪ ይጠቀሳሉ።

በነገራችን ላይ ካናዳዊው አርተር ሲካር በ1925 የሠራው በረዶ መጥረጊያ ሐሳቡ የመጣለት ከእርሻ ማሽን ነው ይባላል። ይህን ለልጁ ስንነግረው ደስ አለው። ባለ ሁለት ደረጃውን ገዝቶታል። ዋጋው ከብዶት ከጎረቤቱ ጋር ተጋርተው ነው፤ በረዶ ሲጥል ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ጎረቤትየው የሜክሲኮ ሰው ነው፤ «መቀናጆ» የሚለውን ቃል አስተምሮታል።