ጫማ፣ ላብና የኮሪያ ብርድ

ታሪክ ስናስተምር የጄኔራል ስም እናስጠናለን። ወታደሩ ምን ተጫምቶ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ዛሬ ስለ ጫማ ላውራችሁ።

ኅዳር 1943 ዓ.ም፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ቾሲን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ አካባቢ። ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። እዚያ በቻይና ጦር ከተከበቡት አንዱ የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት፣ 1ኛ ሻለቃ ነበር። ይችን ሬጅመንት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወታደሮቹ የተጫሙት "ሹፓክ" የሚባል ቡትስ ነው። ታቹ ጎማ፣ ላዩ ቆዳ፣ ውስጡ የሚነጠፍ ሶል አለው። ለጭቃ ደህና ነው። ችግሩ ጎማው ላብ አያስወጣም። ወታደሩ ዳገት ሲወጣ እግሩ ያልበዋል፤ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ሲል ያ ላብ እዚያው በረዶ ይሆናል። ጥይት ያልነካው ሰው ጣቱን ያጣ ነበር። መላው ካልሲና ሶል ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ እርጥቡን ደግሞ ገላ ላይ አድርጎ ማድረቅ ነው። ግን በተኩስ መሀል ማን ጫማ ያወልቃል?

በቀጣዩ የብርድ ወቅት ሌላ ጫማ ግንባር መድረስ ጀመረ። ትልቅና ድቡልቡል ስለሆነ ወታደሮቹ "ሚኪ ማውስ" አሉት። ሁለት የጎማ ንብርብር ሆኖ ሱፉ መሀል ላይ ታሽጓል። እግር ያልበዋል፣ ካልሲውም ይረጥባል፤ ሱፉ ጋ ግን ላብ አይደርስም። ሱፉ ደረቅ ከሆነ እግር ይሞቃል። ብልሃቱ ይኼው ነው።

አሁን ወደ ሬጅመንቷ። ሚያዝያ 1943 መጨረሻ ፑሳን የደረሰው የኛው ቃኘው ሻለቃ የተመደበው እዚችው 32ኛ ሬጅመንት ውስጥ ነው። ትጥቁን ያገኘው ከአሜሪካ ነው። የቃኘው ልጆች አንድም አልተማረኩም ብለን እንኮራለን፣ ደግሞም ይገባናል። ያን ብርድ በምን እንደቻሉት ግን መማሪያ መጽሐፋችን አይነግረንም።

ካናዳና ሚኒሶታ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ቡትስ ስትገዙ ጣታችሁ ውስጡ ይንቀሳቀስ፤ ከጠበበ ደም አይዞርም፣ ካልሲ መደራረብም ያጠበዋል። ሶሉ የሚወጣ ይሁን፣ ማታ ማታ አውጥታችሁ አድርቁት።

አያቱ ኮሪያ የዘመተ ደግሞ ስለ ውጊያው ብቻ ሳይሆን ስለ እግሩም ይጠይቅልኝ፤ ጻፉት። እነዚህ አባቶች እያለቁብን ነው።