ዜና ሐውልተ ሰማዕታት ዘየካቲት 12

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት ስለ ምን እንደ ቆመ፣ ለሚመጣው ትውልድ እንዳይሰወር እንጽፋለን።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ሊያሰሙ ባሕር ተሻገሩ።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ የወራሪው እንደራሴ ግራዚያኒ ለኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደ ብሎ ድሆችን ለምጽዋት ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ጠራ። በዚያም የኤርትራ ልጆች አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም፤ ስለ ምን እንደ ተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ወታደሮቹ በግቢው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። የፋሽስቱ ሹም ጉይዶ ኮርቴዜም ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ለቀቃቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን በጥይት፣ በጩቤ፣ በአካፋና በመጥረቢያ ፈጁት። ጎጆውን በቤንዚን ከነሰዉ አቃጠሉ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳታቸውን አልመለሱም። የሞቱት 30,000 እንደ ሆኑ መንግሥታችን ጽፏል። ለምጽዋት የወጡትን የነዳያን ስም ግን የመዘገበ የለም፤ በሰማይ ተጽፏል ብለን እናምናለን። ከተረፉትም ብዙዎች ወደ ደናኔና ወደ ኖክራ እስር ቤቶች ተጋዙ። በዚሁ ሰበብ በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተገደሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የአርበኞች ናቸው።

በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት ከተማይቱን በያዘበት ዕለት፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ጃንሆይ በእንጦጦ በኩል ገቡ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጠጉራቸውን አሳድገው መንገዱን ዳርና ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡ በእልልታና በልቅሶ ተቀበላቸው። ሰንደቅ ዓላማችን በታላቁ ቤተ መንግሥት ተሰቀለ። የወገናቸው ደም ገና ሳይደርቅ፣ ንጉሡ በቀልን ከለከሉ፤ ለተማረከው ጠላት ምሕረት እንዲደረግ አዘዙ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከነገሥታት ለጥቂቶች ብቻ ተሰጥቷል። ከጠላት ጋር ውለው ያደሩትም ምሕረቱን ተካፈሉ፤ ሹመቱንም ተካፈሉ።

ሐውልቱ በጃንሆይ ፈቃድ ቆመ። አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሕዝቡን እልቂትና የሐዘንተኞቹን ልቅሶ በዙሪያው ቀረጹ። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ጸሎት ይደረጋል፣ አበባም ይቀመጣል፤ ከእሳቱ የተረፉ አረጋውያንና አርበኞችም በሥሩ ይቆሙ ነበር። እነርሱን ከሹማምንቱ ፊት ማስቀደም ይገባ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ጊዜ በገነተ ልዑል የሆነውን በዚህ አንጽፍም። በ1954 ዓ.ም. ጃንሆይ ያንን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።