የማዕረግ መዝገብ ያቃጠለው ወጣት ንጉሥ



የሩስያ ታሪክ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ታላቁ ጴጥሮስ ነው። መርከብ ያሠራ፣ ከተማ የቆረቆረ፣ የመኳንንቱን ጢም ያስላጨ ንጉሥ በመሆኑ ዝናው ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሸፍኗቸዋል። ከተሸፈኑት አንዱ በአባት የሚገናኘው ታላቅ ወንድሙ ፊዮዶር አሌክሴየቪች ነው። ፊዮዶር በእኛ አጠራር ቴዎድሮስ ማለት ነው። ከ1676 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. ስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት ገዝቶ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ለመሆኑ በዚህች አጭር ዕድሜ ምን ሠራ?

ፊዮዶር አባቱ ዛር አሌክሲስ ሲሞት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በሽተኛ ስለነበረ እግሩ እያበጠ መራመድ ይቸግረው ነበር። ነገር ግን አካሉ ቢደክምም አእምሮው የነቃ ነበር። ያስተማረው ሲሜዎን የተባለ የፖሎትስክ ተወላጅ መነኩሴና ባለቅኔ ነው። ንጉሡ ዙፋን ላይ ሲወጣ የጠበቀው ግን ቅኔ ሳይሆን ጦርነት ነበር። በ1677 እና በ1678 የኦቶማን ቱርክ ሠራዊት በዩክሬን ምድር ቺጊሪን በተባለችው ምሽግ ላይ ዘመተ። ውጊያው በ1681 በባክቺሳራይ በተፈረመ የ20 ዓመት የተኩስ ማቆም ውል ተዘጋ።

ጦርነት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብም ቆጠራ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1678 የአገሩ አባወራ ሁሉ ተቆጠረ። ቀድሞ በእርሻ መሬት ልክ ይጣል የነበረው ግብር በጢስ፣ ማለት በየቤቱ፣ እንዲሆን ተደረገ። ገበሬው ግን ዘዴ አላጣም። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ በአንድ አጥር ግቢ እየተጠጋጋ እንደ አንድ ቤት መቆጠር ጀመረ። ጴጥሮስ በኋላ ግብሩን በቤት ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ወንድ ላይ የጣለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ፣ በፊዮዶር ዘመን ሌባን እጅና እግር መቁረጥ ቀርቶ በሳይቤሪያ ግዞት እንዲተካ ታወጀ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን «ሜስትኒቼስትቮ» የሚባለውን ልማድ መሻሩ ነው። ቃሉ «ስፍራ» ከሚለው የመጣ ነው። በዚህ ልማድ መሠረት አንድ መኰንን አያቱ የሌላውን አያት ያዝዝ ከነበረ፣ እርሱ በዚያ ሰው የልጅ ልጅ ሥር ለመታዘዝ እምቢ ማለት ይችላል። ችሎታ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መዝገብ ነው። ጠላት ድንበር ላይ ቆሞ ሳለ የጦር አለቆች ማን ከማን በላይ ነው እያሉ ይካሰሱ ነበር። በንጉሡ ግብር ላይ እንኳ ከወገኑ በታች የተቀመጠ የመሰለው መስፍን ከወንበሩ ተንሸራቶ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። ክሱን የተረታው ደግሞ በእግሩ ወደ ባለጋራው ደጅ ተወስዶ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። የቀደሙት ነገሥታት ችግሩን ስላወቁት አንዳንዱን ዘመቻ «ያለ ስፍራ» ብለው ያውጁ ነበር፤ ሥሩን የነቀለው ግን አልነበረም።

በ1681 መጨረሻ ልዑል ቫሲሊ ጎሊትሲን የሚመራው ጉባኤ ስለ ጦሩ መሻሻል ሊመክር ተሰበሰበ። ከወታደሩ ወገን የተመረጡት ሰዎች ይህ ልማድ ካልጠፋ ጦሩ እንደማይድን ተናገሩ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1682 በያኔው የሩስያ አቆጣጠር፣ ንጉሡ ፓትርያርክ ዮአኪምንና መኳንንቱን ሰብስቦ ልማዱን ሻረ። የክርክሩ መዛግብት በቤተ መንግሥቱ ደጅ ሰላም በጳጳሳትና በመኳንንት ፊት ተቃጠሉ።

ይሁን እንጂ ፊዮዶርን መልአክ አናድርገው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር፣ የአባቶቻችንን ሥርዓት አንለውጥም፣ በሁለት ጣት እናማትባለን ያሉት ሊቀ ካህናት አቫኩምና ሦስት ባልንጀሮቹ በሰሜን ፑስቶዜርስክ በእሳት ተቃጠሉ። መዝገብ ያቃጠለ መንግሥት ሰውም አቃጠለ። ደግሞም የስፍራ ጠብ የቀረው ከመሳፍንቱ መካከል ነው። ከ1649 ሕግ ጀምሮ ከጌታው መሬት ጋር የታሰረው ገበሬ እስከ 1861 ድረስ እንደታሰረ ቆየ። ማን ከማን በላይ ይቀመጥ በሚለው ክርክር ውስጥ እርሱ ድሮም ወንበር አልነበረውም።

ፊዮዶር በዚያው ኤፕሪል መጨረሻ ሞተ። የመጀመሪያ ሚስቱም አንድ ልጁም ቀድመውት አርፈው ስለነበር ወራሽ አልነበረውም። በሜይ ወር የሞስኮ ወታደሮች ዐመፁ፤ ቤተ መንግሥቱ በደም ታጠበ፤ ኢቫንና ጴጥሮስ የተባሉት ሁለት ወንድሞቹ በአንድነት ነገሡ፤ ሥልጣኑን ግን እኅታቸው ሶፍያ ያዘች። ያም ሆኖ የተቃጠለው መዝገብ ተመልሶ አልተጻፈም። ጴጥሮስ በ1722 ማዕረግ በአገልግሎት እንዲገኝ ሲደነግግ የተራመደው ወንድሙ በጠረገው መንገድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በል። ያ ሁሉ የስፍራ ክርክር ከመቶ ዓመታት በላይ የቆየው ጠቃሚ ስለነበረ አይደለም፤ ሁሉም የአያቱን ክብር የጠበቀ እየመሰለው የልጁን አገር ያዳከመ መሆኑን ሳያይ በመቅረቱ ነው። ይህን ያየው እንደ ልቡ መራመድ የማይችል አንድ ወጣት ነበር።