በሸራው ላይ ምን ይጻፍ?
የካርቱም ጀልባዎችና የአንድ ክፍል የእጅ ሥራ

በካርቱም ከተማ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን እናስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን አንድ የዓባይ ጀልባ በትንሹ እንዲሠሩ ተማሪዎቻችንን አዘዝን። የጀልባው አካል ከቀላል እንጨት፣ ምሰሶው ከቀርከሃ፣ ሸራው ከአቡጀዲ ተሠራ። ሥራው አለቀ ሲባል ከተማሪዎቹ አንዷ ቀይ ቀለም አምጥታ በሸራው ላይ በትልልቁ «ዓባይ» ብላ ጻፈችበት። ጽሕፈቱ ያማረ ስለ ነበረ እኛም ደስ ብሎን ዝም አልን።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ከመጡት እንግዶች መካከል በወጣትነታቸው በነጭ ዓባይ ላይ ጀልባ ይነዱ የነበሩ፣ ተማሪዎቹ በአገሩ ወግ «ዓሚ» እያሉ የሚጠሯቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጀልባውን ዞር ዞር ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህ የማን ጀልባ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የማንም አይደለም፣ የተማሪዎች ሥራ ነው አልናቸው። «በእኛ ሸራ ላይ ማንም አይጽፍም ነበር። የሚጽፉት የክበቡ ሰዎች ናቸው» ብለው አለፉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የታሪክ መምህር ሆነን ስለ ሸራው አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ ተማሪዎቹን ማሠራታችን አሳፈረን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያገላበጥነውን ለመምህራን ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች ለማካፈል የቀረበ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጠቀሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነፋሱ እንናገር። እንደሚታወቀው የዓባይ ውሃ የሚወርደው ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሆን፣ ነፋሱ ግን ዓመቱን በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። በካርቱም ይህ የሚለወጠው በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ጀልባው ወደ ላይ ለመውጣት ሸራውን ይዘረጋል፣ ወደ ታች ለመውረድ ሸራውን ጠቅልሎ ራሱን ለውሃው ይሰጣል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚመች ወንዝ ብዙ አይገኝም። የጥንት ግብፃውያን ይህን ነገር በጽሕፈታቸው ሳይቀር አስገብተውታል። «ወደ ደቡብ መጓዝ» የሚለውን ቃል ሲጽፉ ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ ይሥላሉ፤ «ወደ ሰሜን መጓዝ» ሲሉ ሸራ የሌላት ጀልባ ይሥላሉ። ሸራው ብቻውን ሲሣል ደግሞ ነፋስ ወይም እስትንፋስ ማለት ነው። እንግዲህ በሸራ ላይ ፊደል ከመጻፉ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሸራው ራሱ ፊደል ነበር ማለት ነው።

ትንንሽ ጀልባ መሥራትም የእኛ ክፍል የጀመረው አይደለም። በ1920 በሉቅሶር አቅራቢያ፣ መከትሬ በሚባል ሹም መቃብር ውስጥ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንጨት ጀልባዎች ተገኝተዋል። ዛሬ ከፊሎቹ በካይሮ፣ ከፊሎቹ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሸራ ወደ ላይ ለመውጣት፣ ሌሎቹ በመቅዘፊያ ወደ ታች ለመውረድ የተዘጋጁ ናቸው። የሠራቸው ሰው በሸራው ላይ አንዳች ሳይጽፍ ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ ነግሮናል።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ከኦምዱርማን በስተ ደቡብ ከነጭ ዓባይ ዳር በተደረገ የመሬት ቁፋሮ፣ ጀልባ የተሣለባት ትንሽ ጠጠር ተገኝታለች። ጥናቱ በ2007 ሲታተም የጠጠሯ ዕድሜ ወደ 9000 ዓመት እንደሚጠጋ ተገልጿል። ሸራ አይታይባትም። ሆኖም በዚያ አካባቢ የጀልባን መልክ በሥዕል ማስቀረት እንዴት የቆየ ልማድ እንደሆነ ታሳያለች።

ሽማግሌው ይነዱት የነበረው ጀልባ ኑጋር የሚባለው ነው። ኑጋር ከታች አከርካሪ፣ ከጎን የጎድን አጥንት የለውም። ሱንት ከሚባለው የግራር ዓይነት የተፈለጡ አጫጭርና ወፋፍራም ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ እየተያያዙ በምስማር ይመታሉ። ግንበኛ ጡብ እንደሚደረድር ማለት ነው። ይህን ምሳሌ እኛ አላመጣነውም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን የጎበኘው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ የዚያን ጊዜ የጭነት ጀልባዎች ከግራር በተቆረጡ ሁለት ሁለት ክንድ ሳንቃዎች እንደ ጡብ ተደርድረው እንደሚሠሩ ጽፏል። ብዙ ሊቃውንት ይህን አባባል ሲጠራጠሩት ከኖሩ በኋላ፣ በአሌክሳንድርያ አቅራቢያ ከባሕር ሥር የተገኘና በ2019 ጥናቱ የታተመ መርከብ ከቃሉ ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። ሄሮዶቱስ የጀልባዎቹ ሸራ ከደንገል እንደሚሠራም ይናገራል። የጣና ሐይቅ ታንኳችን የሚሠራበት ያው ደንገል መሆኑ ነው። በጣና ደንገሉ ራሱ ጀልባ ሆነ፣ በግብፅ ግን የጀልባ ልብስ ሆነ።

በኋለኛው ዘመን የዓባይ ሸራ ከጥጥ ጨርቅ የሚሰፋ ሆነ። ጥጥና ጀልባ በአንድነት የተጠቀሱበትን የቆየ ምስክር የፈለገ ተማሪ ሩቅ መሄድ የለበትም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በኖባና በካሱ ሕዝቦች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ያስቀረጸበት ድንጋይ አለ። ጽሑፉ ዓባይን «ሴዳ» ይለዋል፤ የጠላት ጀልባዎች ወንድና ሴት እንደ ጫኑ መስጠማቸውን፣ የእህልና የጥጥ ሀብታቸውም መጥፋቱን ይናገራል። የዚያ ጥጥ ሸራ ሆኖ እንደ ነበር ጽሑፉ አይገልጽም። ይሁንና ይህ ጽሑፍ በክፍል ሲነበብ ስለ ሰጠሙት ሰዎች ሳይነገር መታለፍ የለበትም እንላለን።

የካርቱም ከተማ የተቆረቆረችው የግብፅ ጦር በ1821 ሱዳንን ከወረረ በኋላ ነው። ከ1839 እስከ 1842 ባለው ጊዜ ሰሊም ቀቡዳን የተባለው የጦር መኮንን ሦስት ጊዜ በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወጥቶ እስከ ጎንዶኮሮ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ጁባ አካባቢ መንገድ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ወንዙ በነጋዴዎች ሸራ ተሞላ። ወደ ላይ ዶቃና ጠመንጃ፣ ወደ ታች የዝሆን ጥርስ ይጫን ነበር። ጥቂት ቆይቶም ሰው። እዚህ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ፣ «የማን ጀልባ ነው?» የሚለው፣ ሌላ ክብደት ያገኛል። የእነዚያ ጀልባዎች ባለቤትነት የሚታወቀው በሸራ ጽሕፈት ሳይሆን በባንዲራ ነበር። በ1861 እና በ1862 ተከዜንና አንገረብን ተከትሎ የአገራችንን ወንዞች የመረመረው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር፣ በ1862 መጨረሻ ከካርቱም በሦስት ጀልባ ሲነሣ የአገሩን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። ነጋዴዎቹም ያንዱን ወይም የሌላውን መንግሥት ባንዲራ በመስቀል ከፍተሻ ይጠበቁ ነበር። ንጹሕ ነጭ ሸራ በዚያ ዘመን ስለ ጭነቱ ንጽሕና ምንም አይናገርም። ይህን ለተማሪዎቹ ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ጸጥ አሉ፤ አንዱ ግን፣ «እንግዲያው የእኛ ጀልባ ምን የጫነ ነው?» አለ። ማሽላ እንጫንበት ተባለ፤ ማሽላም ጫንንበት።

(ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ጀልባ ከጣና እስከ ካርቱም ይሄዳል ወይ? አይሄድም። የጥቁር ዓባይ ሸለቆና ፏፏቴ አያሳልፍም። ከካርቱም የሚነሣ ጀልባ አገራችን የሚገባው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ በኩል ነው። በ1902 ውል መሠረት በጋምቤላ የተከፈተው የንግድ ጣቢያ ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ድረስ ከካርቱም ጋር የተገናኘው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ቡናችንን የጫኑት ግን በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ናቸው።)

አሁን «የክበቡ ሰዎች» ወደተባሉት እንምጣ። በ1896 በለንደን ቶርኒክሮፍት በሚባለው ፋብሪካ የተሠራች «መሊክ» የምትባል የጦር ጀልባ ነበረች፤ ትርጉሙ በዐረብኛ ንጉሥ ማለት ነው። ተፈታትታ መጥታ ከካርቱም በስተ ሰሜን በወንዙ ዳር ተገጣጠመች፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ጦርነት መድፏን ተኮሰች። በ1926 ደግሞ የጥቁር ዓባይ የጀልባ ስፖርት ክበብ ጽሕፈት ቤት ሆነች። የክበቡ አባላት የሚወዳደሩበት ጀልባ በአንድ ንድፍ የተሠራ የብረት ጀልባ ነበር። በካርቱም ደረቅ ሙቀት እንጨት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያየ ሰው ብረት መመረጡ አይደንቀውም።

የጉዳያችን ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኑጋር ያለ ንድፍ በአናጢው ዓይንና እጅ ስለሚሠራ አንዱ ከሌላው ይለያል። አንድ ዓይነት ጀልባዎች ጎን ለጎን ሲወዳደሩ ግን፣ ከሩቅ የቆመ ዳኛ አንዱን ከሌላው የሚለየው በሸራው ላይ ባለው ቁጥር ነው። በሸራ ላይ መጻፍ ያስፈለገው ጀልባዎች መመሳሰል በመጀመራቸው ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ከቁጥሩ በላይ የአገር ፊደል ይጨመራል። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ በ«ኬ»፣ ፈረንሳይ በ«ኤፍ»፣ ኢጣልያ በ«አይ» ትታወቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሦስት ፊደል ሆኗል። ደንቡ ቁጥሩ «የዐረብ አኃዝ» ይሁን ይላል። ይህ የዐረብ አኃዝ ግን እኛ በደብተራችን የምንጽፈው 1፣ 2፣ 3 እንጂ በኦምዱርማን ገበያ ዋጋ የሚጻፍበት አይደለም! ተማሪዎቹ በዚህ ብዙ ሳቁ።

ሌላም ብልሃት አለው። ሸራ በፀሐይ ፊት ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ በአንዱ ገጽ የተጻፈው በሌላው ገጽ ተገልብጦ ይታያል። ስለዚህ ጽሕፈቱ በሁለቱም ገጽ ይጻፋል፤ ሆኖም እንዳይደራረብ በቀኝ ጎን ያለው በግራ ጎን ካለው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የተማሪያችን «ዓባይ» በአንድ ገጽ ብቻ የተጻፈ ስለ ነበር ከጀርባው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበብ ነበር። የፊደላችን አባት የሆነው የደቡብ ዐረብ ጽሕፈት ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ እንደ ነበር ለማስረዳት ግን በጣም ጠቀመን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ጀልባ ለመሥራት ተወሰነ፤ አንዱ ኑጋር፣ አንዱ የክበብ ጀልባ። ለኑጋሩ ስኬል 1፡20 ተመረጠ። 12 ሜትር የሆነው ጀልባ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትልቁን ያስቸገረን ጨርቁ ነው። እውነተኛው ሸራ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ በስኬሉ ከአንድ የደብተር ወረቀት ግማሽ መቅጠን አለበት። አቡጀዲ በዚህ መጠን ሲታይ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ስለዚህ ያረጀና ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ፈልገን በሩዝ ውሃ ነክረን ተኮስነው። እውነተኛ ሸራ ከጠባብ ጨርቆች ተገጣጥሞ የሚሰፋ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ በስኬሉ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ በሹል እርሳስ ቀጭን መስመር አሰመርን። መጀመሪያ በክር ሰፍተነው ነበር፤ ክሩ የጀልባ ገመድ መስሎ ስለ ታየ ፈታነው። ንጣቱን ለመስበር በቀጭን ሻይ ነከርነው። ሸራው ላይ ግን አንድም ፊደል አልተጻፈም።

የክበቡ ጀልባ በ1፡10 ተሠራ። ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 8 ሜትር ተኩል ለሚረዝም ጀልባ ደንቡ የሚያዘው የአኃዝ ቁመት ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታም ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ነው፤ በስኬሉ 3 ሳንቲ ሜትርና 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀለም በብሩሽ ሲቀባ በጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ አኃዙን ከካርቶን ቆርጠን አውጥተን፣ ካርቶኑን በሸራው ላይ አስተኝተን፣ ከሞላ ጎደል ደረቅ በሆነ ስፖንጅ ቀስ በቀስ መታ መታ አደረግንበት። ሁለቱንም ገጽ በዚህ መንገድ ስንጨርስ ከሩቅ ሲታይ እውነተኛ መሰለ። ጀልባዎቹን ውሃ ላይ አናስቀምጥ የሚል ተማሪ አልነበረም፤ ኑጋሩ ግን ወዲያው ተገለበጠ። የሸራው ስፋት 400 ጊዜ ሲያንስ የጀልባው ክብደት 8000 ጊዜ አንሷል፤ ነፋሱ ደግሞ በስኬል አያንስም። የፊዚክስ መምህሩ ይህን ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማሩበት።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተጀመረ፤ እኛም እንደ ብዙው ሰው ከከተማው ወጣን። ከጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘውና በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በዚህ ጦርነት ተዘርፏል። ጀልባዎቹን ይዘን መውጣት አልቻልንም። ከደብተሮቻችን መካከል የወጡት የስኬል ልኩ የተጻፈበት ወረቀትና ቁጥሩ የተቆረጠበት ካርቶን ናቸው፤ አሁን በአዲስ አበባ ሌላ ክፍል ይጠቀምባቸዋል።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ሥራ ለማየት መጥተው ነበር። የክበቡን ጀልባ በዓይናቸው ገረፍ አድርገው አለፉ። በኑጋሩ ፊት ግን ቁጭ አሉና ሸራውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ማጣፊያ የለውም» አሉ። «አዲስ ሸራ ያለው ጀልባ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀረው ሁሉ የተጣፈ ነው። ጀልባውን ከሩቅ የምናውቀው በማጣፊያው ነበር።» ቀድሞ «ዓባይ» ብላ የጻፈችው ልጅ ያን የመጀመሪያውን አቡጀዲ አምጥታ፣ ቀይ ቀለም ያለፈበትን ጥግ ትታ ካልተጻፈበት በኩል ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆረጠችና ከሸራው በታችኛው ጥግ ላይ ሰፋችው።