ሮዝ ማሊያ ስለምን ይለበሳል?

በሀገራችን ብዙ ሰው ሐዘኑን በጥቁር ልብስ ይገልጻል። በአሜሪካ ግን የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ አንዲት አሠልጣኝን የሚያስታውሱት ሮዝ ማሊያ ለብሰው ነው። የልማዱን አጀማመር ባጭሩ እንገልጻለን።

ወይዘሪት ኬይ ያው በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ግዛት ተወለዱ። ትምህርታቸውን ፈጽመው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነው ሲቀጠሩ፣ የልጃገረዶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን ጭምር እንዲያሠለጥኑ ተጠየቁ። ያን ጊዜ ለሴቶች ስፖርት የሚሰጠው ግምት አነስተኛ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥራውን ወደዱት። በ1967 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እስከ ዕለተ ሞታቸው አሠለጠኑ። በዘመናቸው ከ700 በላይ ጨዋታዎች አሸንፈዋል።

በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። ታክመው በዓመቱ፣ በመስከረም 1981 ዓ.ም.፣ የአሜሪካን የሴቶች ቡድን በሴኡል ኦሎምፒክ መሩ፤ ቡድኑም ዩጎዝላቪያን 77 ለ 70 ረትቶ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሽታው አገረሸ። በ1999 ዓ.ም. ለሕክምና 16 ጨዋታዎች ቀርተው ወደ ሜዳ ሲመለሱ፣ ተጫዋቾቻቸው ስለ እርሳቸው ሮዝ የጫማ ማሰሪያ አሰሩ። በዚያው ዓመት የአሠልጣኞች ማኅበር ሌሎችም ቡድኖች ሮዝ እንዲለብሱ ጥሪ አቀረበ። ወይዘሪት ኬይ ያው ጥር 16 ቀን 2001 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልማዱ ግን በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ቀጠለ። በጨዋታው የሚሰበሰበው ገንዘብ ለካንሰር ምርምር ይውላል። ከገንዘቡም ይልቅ ትልቁ ነገር፣ በሹክሹክታ ይነገር የነበረው በሽታ በአደባባይ በስሙ መጠራቱ ነው።

ታዲያ ይህ ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ሰው ምን ይጠቅማል? በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ስለማያም፣ ሴቶች ችላ ይሉታል ወይም አፍረው ይደብቁታል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። እናቶቻችን ቡና ሲጠጡ ስለ ገበያውና ስለ ዝናቡ ይጨዋወታሉ፤ ስለዚህ በሽታ ግን ዝም ይባላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምና እያለ ዝምታ ሰው መግደል የለበትም።

እንግዲህ እኅቶቼ ሆይ፣ የማሊያችን ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ ከሜዳ ወደ ቤት ስንገባ፣ «እማዬ፣ ጡትሽ ላይ እብጠት አይተሻል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ነውር አይሆንብንም።