ዕንቍና ብርሌ

በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ በምንለው ሰፊ ገበያ፣ ዶቃና ጨሌ በክር ተሰክቶ ከሚንጠለጠልባቸው ትንንሽ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው፣ ሻጩ ፍሬውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያሳይ፣ ገዢዪቱ ግን ፍሬውን ትታ ክሩን በአንገቷ ዙሪያ ስትለካ ቢመለከት፣ ዕንቍ የሚለው ቃላችን ከወዴት እንደ መጣ ያለ መምህር ይገባዋል። ገበያው ራሱ ስሙን የተዋሰው ከጣሊያንኛ ነው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ንግድ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደዚህ ሲዛወር፣ መርካቶ ማለት ገበያ ማለት ብቻ ነበር።

ዛሬ ዕንቍ ስንል የከበረ ድንጋይ ማለታችን ነው፤ በግእዝ ግን ቃሉ ተራውን ዶቃም ያጠቃልላል። በዕብራይስጥ የአንገት ጌጥን የሚያመለክተው ዐናቅ፣ በዐረብኛም ራሱን አንገትን የሚያመለክተው ዑኑቅ ዘመዶቹ ናቸውና፣ ስሙን ያወጡት አበው ከድንጋዩ ይልቅ የሚንጠለጠልበትን አንገት ያዩ ይመስለኛል።

ከባሕር የሚወጣውን ሉል ግእዝ ባሕርይ ይለዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተነገረለት ነጋዴ ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው፣ በአማርኛው ዕንቍ፣ በግእዙ ባሕርይ ነው። ይህ ቃል በሊቃውንት አፍ የህላዌን ምሥጢር የሚገልጥ ሆኖ ስንት ጉባኤ ተቀምጦበታል፤ የመርካቶው ነጋዴ ግን «የዕቃውን ባሕርይ እኔ አውቃለሁ» ብሎ ሲምል የሉልን ስም መጥራቱን ልብ አይልም።

የቀሩት የዕንቍ ስሞች አብዛኞቹ መጻሕፍት ከግሪክ ሲተረጐሙ አብረው የገቡ እንግዶች ናቸው። አልማዝ እንኳ፣ በግሪክ የማይበገር ማለት የነበረው፣ በዐረብኛ በኩል ዞሮ መጥቶ የሴቶቻችን ስም ሆኗል። በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 የሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም መሠረት ከተጌጠባቸው 12 ድንጋዮች መካከል ያክንትና ክርስቲሎቤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሳይወጡ ሲቀሩ፣ ስምንተኛው ቢረሌ ብቻ ደፍሮ ገበያ ወረደ። የግሪኮቹ ቤሪሎስ፣ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ድንጋይ፣ ስሙን ለጠጃችን ብርሌ አወረሰ። ጀርመኖችም መነጽራቸውን ብሪለ የሚሉት ከዚሁ ድንጋይ ስም ወስደው ነው፤ እነርሱ ሊያነቡበት፣ እኛ ልንጠጣበት።

ብርሌ ሻጩም ይህን ሁሉ ሐተታ ሳይሻ፣ አንዱን ከድርድሩ መዝዞ በጥፍሩ ነካ ያደርገዋል፤ የነቃ ብርሌ ዕቃ አይሆንምና፣ ገዢው ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን ያደምጣል። ጥሩ ከጮኸለት ዋጋውን ጥቂት ተከራክሮ ይከፍልና፣ ረጅሙን አንገት ጨብጦ በሰዉ መካከል ይሄዳል።