የእስክንድርያ መንገድ፤ ነፋስ፣ ወደብና ፈቃድ

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ሠፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው። በዛሬው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሌላው ወገን ደግሞ ሕዝቡ እስካሁን «አሮጌው ኤርፖርት» እያለ የሚጠራው አካባቢ አለ፤ ስሙ የልደታን አውሮፕላን ማረፊያ ያስታውሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከልደታ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። በዚያን ቀን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ወራት ሲፈጅ የኖረው የግብፅ መንገድ ወደ ሰዓታት አጠረ። ይሁን እንጂ መንገዱ አጠረ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አልነበረም። ይህንንም ለመረዳት የቀድሞ ሰዎች ወደ እስክንድርያ ለመሄድ እንዴት ይሰናዱ እንደነበረ መመልከት ያስፈልጋል።

እስክንድርያ በታላቁ እስክንድር እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ተቈርቍራ፣ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ለሺህ ዓመት ያህል የግብፅ መናገሻ ሆና የኖረች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ወደዚህች ከተማ ከተደረጉት የኢትዮጵያ ጉዞዎች በይበልጥ የታወቀው በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ያደረገው ነው። በልጅነቱ ከመርከብ ተማርኮ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ይህ የጢሮስ ሰው፣ ለአገሩ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲሾምላቸው ለመጠየቅ ወደ ፓትርያርክ አትናቴዎስ ሄደ። አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ መለሰው።

እንዲህ ላለው ጉዞ አስቀድሞ የሚታሰበው ነፋስ ነበር። ከአክሱም እስከ አዱሊስ ወደብ ስምንት ቀን ያህል በእግር ይኬዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የቀይ ባሕር ጠባይ ግን እንደ ልብ አያስኬድም፤ በደቡቡ ክፍል በበጋ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ መርከብን ወደ ሰሜን ይገፋል፤ በሰሜኑ ክፍል ግን አመዛኙን ጊዜ የሚነፍሰው ከሰሜን ስለሆነ መርከብን ይቃወማል። ስለዚህ መንገደኛው ወሩን ቈጥሮ ይነሣና ነፋሱ እስከሚፈቅድለት ተጉዞ ከግብፅ ጠረፍ ይወርዳል፤ ምድረ በዳውን በግመል አቋርጦ ዓባይን ያገኛል፤ ከዚያም ወንዙን ተከትሎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይወርዳል። ወሩን የሳተ ሰው በወደብ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ወራት ይጠብቃል።

ሁለተኛው እንቅፋት ከነፋስ የከፋ ነበር፤ ይኸውም የመንግሥታት ፈቃድ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቈስጣንጢዩስ ከአትናቴዎስ ጋር በተጣላ ጊዜ፣ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲላክ ጠየቀ። የደብዳቤው ቃል አትናቴዎስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ከዚህ እንደምንረዳው ገና ከመጀመሪያው ወደ እስክንድርያ መሄድና አለመሄድ የመንገደኛው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

በ11ኛው መቶ ዓመት የፓትርያርኩ መቀመጫ ወደ ካይሮ ተዛወረ፤ የመንበሩ ስም ግን የእስክንድርያ እንደሆነ ቀረ። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው ደንብ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ስለገባ፣ ጳጳስ በሞተ ቍጥር መልእክተኛ ይላካል። ለሱልጣኑ አንድ፣ ለፓትርያርኩ አንድ ደብዳቤ ይጻፋል፤ እጅ መንሻ ይሰናዳል፤ ስንቅና ወርቅ ይመደባል። ዐፄ ይኵኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270ዎቹ ለሱልጣን ባይባርስ የላኩት ደብዳቤ የደረሰው በየመን ንጉሥ በኩል ነበር። እንግዲህ ለአንድ ጳጳስ የሦስት አገር ቤተ መንግሥት ደጅ መጥናት ግድ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

የተዘጋጀ ጉዞ ሁሉ አልተሳካም። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የተላኩት መልእክተኞች ምፅዋ ሲደርሱ፣ የወደቡ ገዥ ናይብ አግቶ ከያዙት ወርቅ ወሰደባቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ በኋላ አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቀረች። ጳጳስ ከሌለ ዲያቆንም ቄስም የሚሾም የለም፤ ያሉት ካህናት እያረጁ ሲያልፉ በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድስ ሰው ያንሳል። ስለዚህ የአንድ ጉዞ መሰናከል የሚሰማው በካይሮ ሳይሆን በላስታና በሸዋ አጥቢያ ነበር። በመጨረሻ ደጃዝማች ውቤ የላኳቸው መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1841 አቡነ ሰላማን ይዘው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ እየቀለለ ሄደ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1881 በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳት አስመጡ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ተሹመው ተመለሱ፤ የአገሩ ልጅ በዚህ ማዕርግ ሲሾም ይህ አዲስ ነገር ነበር። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ። በዚያ ጉዞ የተገኘው ሹመት ከሰባት ዓመት በኋላ በደም ተመሰከረ።

ይሁንና ሥልጣኑ ገና በካይሮ ነበር። አውሮፕላኑ በ1938 ዓ.ም. ባሕሩንና ምድረ በዳውን በአንድ ጊዜ ቢሻገርም፣ የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ስምምነት የተደረሰው ሐምሌ 6 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ከዚያም አቡነ ባስልዮስ ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. በሊቀ ጳጳስነት፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በፓትርያርክነት ተሾሙ፤ ሁለቱም ሹመት የተፈጸመው በካይሮ ነበር። ተከታያቸው አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በግንቦት 1963 ዓ.ም. የተሾሙት በአዲስ አበባ ነው። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚህ ቀን 25 ዓመት አልፏል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስክንድርያን ለማየት የሚያስብ ሰው የሚያሰናዳው ቪዛና ቲኬት ነው፤ ካይሮ ወርዶ በባቡር ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ይደርሳል። የጥንቱ የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ሥፍራ የሱልጣን ቃይትባይን ምሽግ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ያገኛል። የወር ቈጠራውና የናይቡ ግብር ቀርቷል። የቀድሞ መልእክተኞች ታሪክ የሚያስተምረው ግን ይህን ነው፤ ነፋሱን መርከበኛ፣ ርቀቱንም መሐንዲስ ያሸንፋሉ፤ በሌላ ሰው እጅ ያለን ፈቃድ ወደ ቤት ማምጣት ግን ከሁሉ የረዘመው የመንገዱ ክፍል ነበር።